ከፍራሹ ሥር የሚያድረው ውሃ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ውሃ ነው። የዓባይን ወይም የዳቡስን ማለቴ አይደለም። ሰው እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ከገዛ ገላው ወጥቶ፣ ፍራሹን ሰርስሮ፣ ከሥሩ ስለሚያድረው ውሃ ነው የማወራችሁ። አገሩ አሶሳና ዙሪያዋ ነው፤ ጊዜው ደግሞ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሳይጋመስ። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ሊሰናበት ደጅ ደጁን ያያል፤ ምድሩ ግን የጠጣውን ገና አልጨረሰም። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማለዳ ሣሩ ሁሉ ጤዛ ተሸክሞ ይነጋለታል።

የትረካዬ መንገደኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠና ያለ የአዲስ አበባ ሾፌር ነው፤ ዕድሜውን ላንድክሩዘር መሪ ላይ የፈጀ፣ መንገዱን ሁሉ በድልድዩና በሻይ ቤቱ የሚያውቅ። ሁለተኛው ሽመል የሚያጠና ወጣት ባለሙያ ነው። ሽመል የምንለው የቆላውን ቀርከሃ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን የዚህኛው አገዳ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። በአገራችን ካለው ሽመል ሰፊው ክፍል የሚበቅለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስለሆነ፣ የወጣቱ ሥራ እዚያው ደኑ ጎን ማደርን ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱም ይህን አይቶ ከመኪናው ፖርቶ መጋላ ላይ ድንኳን አስገጠመለት።

እንዲህ ያለውን ድንኳን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ቀን ታጥፎ፣ ሽፋኑን ለብሶ፣ የመኪናው ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ይሄዳል። ማታ ይዘረጋል፤ ግማሹ ጣሪያው ላይ ያርፋል፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል፣ መሰላሉ ወደ መሬት ይወርዳል። ወለሉ የአሉሚኒየም ዝርግ ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። በወለሉ ላይ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ይነጠፋል። ጣሊያኖች ማጆሊና የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ካወጡ ወዲህ ነገሩ በብዙ አገር ተለምዷል፤ በእኛም አገር ለረጅም ጉዞ በሚከራዩ መኪኖች ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። ሰውን ከጭቃው፣ ከጉንዳኑ፣ ከእባቡ ከፍ ያደርገዋል። ለቆላ መስክ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አይናቅም።

ከአዲስ አበባ ተነሡ። አምቦን፣ ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ መንዲን አልፈው፣ ዳቡስን ተሻግረው ወደ ባምባሲ ወጡ። እስከ አሶሳ ድረስ መንገዱ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባምባሲ ወዲህ፣ ከአንድ የማሽላ እርሻ ዳር፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ የማንጎ ዛፍ አገኙ። ሾፌሩ መኪናውን ከሥሩ አቆመ። «ቀን ጥላ፣ ሌሊት ከለላ» አለ። ደመና ነበርና ዝናብ ቢመጣ ብለው የድንኳኑን መስኮቶች በሙሉ ዚፕ አደረጉ። ለዚፑ ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ያ አገር የወባ አገር ነው፤ የወባ ትንኝ ቀልድ አታውቅም። ውጭ የበሰበሰውን የዝናብ ካፖርታቸውንና ጫማቸውንም እንዳይሰረቅ አስገቡት። ወጣቱ ውስጥ ሆኖ በትንሿ ቡታ ጋዝ ሻይ አፈላ። ሞቅ አላቸው። ተኙ።

ሌሊቱን አልዘነበም።

ጠዋት ወጣቱ ብርድ ልብሱን ሲያነሣ በእግሩ በኩል ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ዳሰሰ። የፍራሹን ጥግ ገለጥ አደረገው። አሉሚኒየሙ ላይ ውሃው ፍሬ ፍሬ ሆኖ ተደርድሯል። ትከሻና ዳሌ ባረፈበት ቦታ ፍሬዎቹ ተገናኝተው ኩሬ ሠርተዋል። የፍራሹ ሆድ በመዳፍ ሲጫኑት ጭማቂ ይወጣዋል። ላይኛው ፊቱ ግን ደረቅ ነው፤ ተኝቶበት ያደረ ሰው ምንም አያውቅም።

ሾፌሩ አየና ፍርዱን ወዲያው ሰጠ። «ያፈሳል። ሸራው ያፈሳል።»

ወጣቱ ስፌቱን በጣቱ ተከተለ። ዚፑን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ማጠፊያውን አየ። ቀዳዳ የለም። ሾፌሩ ግን ሰማንያ ዓይነት ዝናብ ያየ ሰው ነውና በሐሳቡ ጸና። ቀን አሶሳ ገበያ ወርደው ወፍራም ላስቲክ አስለክተው ገዙ፤ ከወለሉና ከፍራሹ መካከል ዘረጉት። ከታች የሚመጣውን ውሃ ላስቲኩ ይመልሰዋል ብለው ነው። ማታ እንደ ትናንቱ ዘግተው ተኙ። ሲነጋ ውሃው ከላስቲኩ በላይ ነበር። አሉሚኒየሙ ደርቋል፤ ፍራሹ ግን ከትናንት ብሷል። ላስቲኩ ከታች የመጣ ውሃ አላገኘም፤ ከላይ የወረደውን ግን ይዞ አቆየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድንኳን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ ዕድሜያቸውን የገፉት በድንኳን ነው። ሆኖም ክረምት ሲገባ ጦሩ ወደየቤቱ ይበተናል፣ ንጉሡም አንድ ቦታ ይከርማል፤ ድንኳን የበጋ ቤት ነበረ። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ሲዘምቱም ጦሩ ወደዚህ ምድር የገባው በበጋ ነበር። አሶሳ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት የሚዘንብባት አገር ናት። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በአንድ ወቅት ተጠራቅሞ ይወርድባታል። እዚህ በእርጥቡ ወቅት ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው አባቶቹ ያልሞከሩትን እየሞከረ ነው። ስለዚህ ሾፌራችን ባይገባው አይፈረድበትም።

በሦስተኛው ጠዋት የፍራሹ ሆድ ላይ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ የምስር ፍሬ የማታህል። ሽታውም መጣ፤ ያ የሻገተ ጆንያ ጠረን። ስፖንጅ አንድና ሁለት ቀን እርጥቡን ከያዘ ሻጋታ ይጀምረዋል። ሻጋታ ደግሞ ደረቱን አስም ለሚይዘው ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው መርዝ ነው። ወጣቱ ማሳል ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሽማግሌ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

በማሽላው መካከል ማማ ነበር። ማሽላ ሲያፈራ ዝንጀሮው ቀን፣ ከርከሮው ሌሊት ይመጣልና ጠባቂ ያድርበታል። አራት ጠንካራ ግንድ ተተክሏል፤ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ የሽመል ርብራብ ተጋድሟል፤ ከላይ የሣር ክዳን አለ። ግድግዳ የለውም። ጠባቂው አንድ የቤርታ ሽማግሌ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ አልፎ አልፎ እየጮኹ ከርከሮውን ሲያባርሩ ድምፃቸው ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። ጠዋት እሳቸው ወርደው ሰላምታ ሲሰጡ ፍራሹ ቦኔቱ ላይ ተሰጥቶ አዩት።

«ልጅ አለ እንዴ የሚሸና?» ብለው ጠየቁ፤ ከልባቸው ነው።

«የለም አባባ» አለ ወጣቱ። «ሌሊት ከሥራችን ውሃ ያድራል። ከየት እንደሚመጣ አጣነው።»

ሽማግሌው መሰላሉን ይዘው ወጡ። ራሳቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ አየሩን አሸተቱ፣ ዚፖቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። ላስቲኩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ወረዱና «ና ልጄ» ብለው ወጣቱን ወደ ማማቸው ወሰዱት። ርብራቡ ላይ አንድ አሮጌ ሰሌን አለ፣ በላዩ አንድ ብርድ ልብስ። እጁን ይዘው ከሰሌኑ ሥር አስገቡት። ደረቅ ነው። በሽመሎቹ ክፍተት ጣቱ ወደ ታች አለፈ፤ የጠዋቱ ነፋስ ጣቱን ነካው።

«ከሥሬ ይነፍሳል» አሉት። «ከሥርህስ ምን ይነፍሳል?»

«ነፋስ ከገባ ብርድም ይገባል እኮ አባባ።»

«ይገባል። ለብርድ ብርድ ልብስ አለው። ለእርጥበት ግን ምን ትለብስለታለህ?»

ወጣቱ ዝም አለ። ከዚያ ከማማው ሥር የተዳፈነች እሳት አየ፤ ትንኝ እንድታባርር ሌሊቱን የምትጨስ። «እኛም ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ከሰል ብናስገባ ያደርቅልን ይሆን?» አለ። ሽማግሌው ክንዱን ጨብጠው ያዙት። «ይህ ማማ ግድግዳ የለውም፤ ጭሱ መንገዱን ያውቃል። ያንተ ግን ዝግ ነው። ከሰል አስገብተህ የተኛህ እንደሆነ ማሽላው ሳይደርስ እንቀብርሃለን።»

አድማጮቼ፣ ይህን ሳላጠብቅ ባልፍ ይቆጨኛል። የከሰል አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ተኝቶ ያለን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። በየዓመቱ በዝግ ክፍል ከሰል አጭሰው ያደሩ ሰዎች ሬሳ ይወጣል። ድንኳን ከክፍል ይጠብባል። ለማድረቅም፣ ለማሞቅም፣ ለቡናም ቢሆን ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም።

አሁን ደግሞ ምሥጢሩን ልፍታላችሁ። እንጀራ ስትጋገር አክንባሎውን ገልብጦ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሊጡ የወጣው ተን ክዳኑን ነክቶ ውሃ ይሆናል። ምጣዱ አልተቀደደም፣ ክዳኑም አላፈሰሰም፤ ውሃው የሊጡ የራሱ ነው። ሰውም እንደዚያው ነው። አንድ ጎልማሳ ሌሊቱን በትንፋሹና በቆዳው ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የሚደርስ ውሃ ይለቃል። ሁለት ሰው ከሆነ ወደ አንድ ሊትር ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው፤ ያውም በአንዲት ጠባብ ድንኳን ውስጥ። ይህ ተን ከፊሉ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ከፊሉ ግን ከገላ በቀጥታ ወደ ፍራሹ ይገባል። ስፖንጅ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ተኑን አይመልሰውም፣ ያሳልፈዋል። እታች ሲደርስ ሌሊቱ ያቀዘቀዘው አሉሚኒየም ይጠብቀዋል።

አየር ሲሞቅ ብዙ ተን ይሸከማል፣ ሲቀዘቅዝ ይጥለዋል። 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም ውሃ በተን መልክ ይይዛል። 15 ዲግሪ ሲደርስ ከ13 ግራም በላይ አይችልም፤ የተረፈው 10 ግራም የሆነ ነገር ላይ መውረድ አለበት። የሚወርደውም ካለው ሁሉ በቀዘቀዘው ላይ ነው። ከፍራሹ ሥር ደግሞ ከወለሉ የቀዘቀዘ የለም፤ ፍራሹ የገላችንን ሙቀት ይከለክለዋል፣ የውጭው ብርድ ከታች ያገኘዋል። ያ የሻይ ቡታ ጋዝም የራሱን አዋጥቷል። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በተን ይወጣዋል። የበሰበሰው ካፖርታና ጫማም እንዲሁ። የማንጎው ዛፍም ነፋሱን ከልክሎ፣ እርጥቡን አየር ከሥሩ አቁሞ፣ ጠዋት ፀሐይ እንዳትደርስ አድርጎ ሥራውን ሠርቷል። ቀን ወዳጅ የነበረው ጥላ ሌሊት ሌላ ነው።

ወጣቱ ይህን ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ በወረቀት ያውቀዋል። በጣቱ የነካው ግን ያን ጠዋት ነው።

ሽማግሌው ሥራ ፈት አልሆኑም። ካለፈው በጋ ተቆርጦ ከቤታቸው ጥግ የቆመ ደረቅ ሽመል ነበራቸው። አመጡት። ሽመል ሲቆረጥ ሦስት ዓመት የሞላው፣ የጠነከረው ይመረጣል፤ ለጋው እንዲጠነክር ይተዋል፤ ቆራጩም በጋን ይጠብቃል። እርጥብ ሽመል ነቀዝ ይወደዋል፤ ዱቄት አድርጎ ይጨርሰዋል። የእሳቸው ሽመል ከምድጃ ጭስ በላይ የከረመ ነውና ነቀዝ አልደፈረውም። በገጀራ ጫፉን መቱት፤ ፍልጡ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሁለት ጣት የሚሰፋ ፍልጥ እያወጡ ደረደሩት። ወጣቱ አንጓውን በቢላ እየላጨ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ ያለሰልሳል። ስለት ያለው ጠርዝ ስፖንጁን ይበላዋል። ሾፌሩ ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና በመጨረሻ ከመኪናው ሲባጎ አወጣ፤ ገመድ ማሰር የሱ ሙያ ነው። ፍልጦቹን በአንድ ጣት ርቀት እያራራቀ፣ በሦስት ቦታ በሲባጎ እየጠለፈ አያያዛቸው። እንዲህ የታሰረ ርብራብ ይጠቀለላል፤ ድንኳኑ ሲታጠፍም አያስቸግርም።

ሽማግሌው ግን አልረኩም። ርብራቡን ወለሉ ላይ ቢዘረጉት ፍልጦቹ ራሳቸው አሉሚኒየሙ ላይ ተጣብቀው ይተኛሉ፤ በክፍተቶቹ ያለው አየር የትም አይሄድም። «ይህ የታሰረ አየር ነው» አሉ። ከሥር፣ ከፍልጦቹ አግድም፣ አውራ ጣት የሚወፍሩ አምስት ቀጫጭን ሽመሎች አስቀመጡ። አሁን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን መንገድ ተከፈተ። ወደ ክፍተቱ እፍ አሉ፤ በወዲያ በኩል ሾፌሩ እጁን አስቀምጦ ነበርና ትንፋሻቸው ደረሰው። ያኔ ነው የሾፌሩ ፊት የተፈታው።

ይህ የአሶሳ ብቻ ብልሃት አይደለም። በጀልባ የሚኖሩ ሰዎች በመኝታቸው ሥር የእንጨት ርብራብ ያደርጋሉ። በሌላው ዓለም ለጣሪያ ድንኳን ተብሎ ከፕላስቲክ ክር የተጠላለፈ፣ አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ በገንዘብ ይሸጣል። ያ ምንጣፍ የሚሠራው ሥራ ሽመሉ የሚሠራውን ነው። እኔ የሽመሉን እመርጣለሁ፤ ቢሰበር ከዚያው ከደኑ ይተካል፣ ያሰረውም የአገሩ ሰው እንጀራ ይበላበታል።

ላስቲኩን አውጥተው ጣሉት። መኪናውን ከማንጎው ሥር አንሥተው ነፋስ የሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቆሙት። በዚያ ማታ የተኙት ትንኝ መከላከያውን መረብ ብቻ ዘግተው ነው። ሸራውን በሁለት ወገን ከፈቱት፤ በአንዱ በኩል ዝቅ አድርገው፣ በሌላው በኩል ከፍ አድርገው፤ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፣ ተን የተሸከመው ሞቃት አየር በላይ ይወጣል። ስለ ወባ መረቡን በደንብ መፈተሽ ይበቃል፤ ሸራው ትንኝ ለመከልከል አልተሠራም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ትንኝን ፈርቶ ነፋስን ይዘጋል። ሻዩ ውጭ ተፈላ። ካፖርታውና ጫማው መኪናው ውስጥ አደሩ።

ሲነጋ ወጣቱ ፍራሹን ገለጠ። አሉሚኒየሙ ላይ በእግር በኩል ትንሽ ጉም የመሰለ እርጥበት ነበር፤ የሸሚዝ እጅጌ የሚያደርቀው። የፍራሹ ሆድ ደረቅ ነው። ሾፌሩ ራሱ ሊያምን ወጥቶ ዳሰሰው፤ ሁለት ጊዜ።

ሻጋታው ግን በአንድ ሌሊት አልለቀቀም። የፍራሹን ልብስ ገፈው በሳሙና አጠቡት። ስፖንጁን በደረቅ ብሩሽ ከመኪናው ርቀው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ጠረጉት፤ ነጥቦቹን ውሃ ያልበዛው አቼቶ ቀቡና የቀትር ፀሐይ ላይ አቆሙት። አጋደሙት አላልኩም፤ አቆሙት። የተጋደመ ፍራሽ አንዱ ፊቱ ሲደርቅ ሌላው መሬቱን ይጠጣል። ጥቁሩ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ቢሆን ኖሮ ማዳን አይቻልም ነበር፤ ያን ጊዜ ስፖንጁን መጣልና ሌላ መግዛት ነው፤ ለሳንባ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም። ወጣቱንም ሳሉ ቀስ በቀስ ተወው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቡናው እስኪደርስ ፍራሹን በአንድ ጎን ቀጥ አድርገው ደግፈው ይተውታል። አንድ ቀን ግን ዝናብ እያስፈራራ ችኮላ ሆነና ሸራው እንደረጠበ አጥፈው ሄዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እንደደረሱ ገና ሻንጣ ሳያወርዱ ሾፌሩ ድንኳኑን ዘረጋው። «ማታ ይደረጋል» ማለት ቀርቷል። እርጥብ ሸራ ታጥፎ በፀሐይ ሲጓዝ ቀኑን ሙሉ ይበስላል፣ ያን ተን የሚጠጣው ፍራሹ ነው። ዝናብ ላይ ማጠፍ ግድ ከሆነ ፍራሹን አውጥቶ መኪናው ውስጥ መጫን፣ ደረቁን ከእርጥቡ መለየት ይሻላል።

በኋላ ሥራው ወደ ኩርሙክ ወሰዳቸው። ኩርሙክ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ያለች ሞቃት አገር ናት። እዚያ ሌሊቱ አይቀዘቅዝምና ወለሉም አይቀዘቅዝም፤ ፍራሹ ያለ ምንም ጥንቃቄ ደርቆ ያድራል። ሾፌሩ ርብራቡን «ይውረድ፣ ይከብዳል» ብሎ ነበር። ወጣቱ እንቢ አለ። ወደ ባምባሲ ከፍታ ሲመለሱ ሌሊቱ በርዶ ጠበቃቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ አየሩ ራሱ ይደርቃል፣ ችግሩም ይቀላል። የሚከፋው ያ የመስከረምና የጥቅምት መጋጠሚያ ነው። ቱሪስቱም፣ የመስክ ሠራተኛውም መንገድ ጀመርኩ የሚለው ያኔ ነው።

ኩርሙክ ላይ ግን ወጣቱ ሌላ ነገር አየ፤ ትረካዬን ይዤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያ ድንበር ብዙ ሰው ተሻግሯል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስደተኛ መቀበል አዲሱ አይደለም፤ የሸርኮሌ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የባምባሲው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኡራ ላይ አዲስ መጠለያ ተከፈተ። በመጠለያ የሚያድረው ሰው ወለሉ አሉሚኒየም አይደለም፤ መሬት ነው። በመሬቱ ላይ ላስቲክ ይዘረጋል፣ በላስቲኩ ላይ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ይነጠፋል፣ በላዩ እናት ከልጆቿ ጋር ትተኛለች። ልጅ ሲበዛ ትንፋሹም ይበዛል። መጠለያው በፕላስቲክ ሸራ የተሸፈነ ነው፤ ክረምት ሲሆን እንዳይዘንብባቸው ዙሪያውን ይዘጉታል። ያ ሾፌሩና ወጣቱ በጥቂት ሌሊት ያዩት ነገር እዚህ ክረምቱን ሙሉ ይደጋገማል፤ ላስቲኩ ውሃውን ከላይ ይዞ ያስቀምጣል፣ ፍራሹ ከሆዱ ይጠቁራል፣ ልጁ ያስላል። ሐኪሙ ሳሉን ያክማል። ፍራሹን ግን የሚገለብጠው ማን ነው?

ወጣቱ አንዲት እናት ፍራሿን እንድታነሣ ፈቃዷን ጠይቆ አብሯት ገለጠው። ነጥቦቹን ያውቃቸዋል። መሬቱ ላይ አራት ድንጋይ አስቀመጠ፣ በላያቸው ሁለት ወፍራም ሽመል አጋደመ፣ በእነሱ ላይ ይዞት የዞረውን ያን የሲባጎ ርብራብ ዘረጋላትና ፍራሹን መለሰ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ። ከሥሩ ነፋስ ይገባል፤ ዕቃም ይገባበታል። ሾፌሩ «እኛስ?» ብሎ አልጠየቀም። ሽመሉ ካለ ሌላ ርብራብ ማሰር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ሲባጎውም አላለቀም።

ስለዚህ ለእናንተ ለምትሰሙኝ ቃል አለኝ። መኪናችሁ ላይ ድንኳን ጭናችሁ ወደ አሶሳ፣ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ሸርኮሌ የምትወጡ ሁሉ፣ ላስቲኩን ቤታችሁ ተዉት፤ እዚያው ደርሳችሁ የሽመል ርብራብ አሳስሩ፣ ዋጋውንም በወጉ ክፈሉ። ለመጠለያ ፍራሽ የምትገዙ፣ የምታዋጡ፣ የምታከፋፍሉ ወገኖች ደግሞ ፍራሹን ብቻ አትላኩ። በፍራሹ በጀት ላይ የርብራቡን ጨምሩበት። ሽመሉ በክልሉ አለ፤ ከጎረቤቱ አርሶ አደር በዋጋ ይገዛ፣ ሦስት ዓመት የሞላው ብቻ ይቆረጥ፣ ማሰሩን የመጠለያው ሰዎች ራሳቸው ይሥሩት። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት፣ በዚህ በጋ ይጀመር።